ከምጽዋ የመጣው ጆንያና የዲጋ ላሞች

ከወለጋ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ለምለም ነው፤ ሰዉም እንግዳ ይወዳል» ብዬ አልፋለሁ። ይህ ሐሰት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን አገሩን በወጉ አላየሁትም። ሳምንት ሙሉ ያየሁት አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ያየሁት በቅናት ዐይን ነው። ወደ ነቀምቴ ለመሄድ ዕድል የማይገጥመው አንባቢ መንገዱንና ምግቡን ከዚህ ያገኛል። ቅናቴን ከመካከሉ ለቅሜ ማውጣት ግን አልቻልኩምና ይታገሠኝ።

ሰውየው ገመቹ ይባላል። በእርሻ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ሁልጊዜ አንደኛ ነበርኩ፤ እሱ ከታች ቢቆጠር ይቀላል። ስንመረቅ እኔ ሰበታ አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ ቀረሁ፤ እሱ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ነቀምቴ ተላከ። የተሰጠን ሥራ አንድ ነው፤ ጥሩ ከሚያፈራ የቡና ዛፍ ላይ ቡቃያ እየቆረጡ ሥር ማስያዝ። ከዘር የበቀለ ቡና ሁልጊዜ እናቱን አይመስልም፤ ከቁራጭ የበቀለው ግን ራሷ እናቲቱ ናት። ሲወራ ቀላል ይመስላል። የእኔ ቁራጮች ሁለት ዓመት ሙሉ አሸዋ ላይ እየቆሙ ጠቆሩ፣ በሰበሱ። የገመቹ ግን ሥር ያዙ።

ይህን የሰማሁት ደግሞ በአደባባይ ነው። አለቃችን አቶ ኃይሉ የገመቹን ደብዳቤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። የገመቹ ታናሽ ወንድም ምጽዋ ይሠራል፤ ከባሕሩ ዳርቻ የለቀመውን ቡናማ የባሕር አረም አድርቆ በጨው መኪና ይልክለታል። ገመቹ የአረሙን ጭማቂ በውኃ አቅጥኖ ቁራጮቹን ይነክርበታል፤ ሥርም ይወጣል። አቶ ኃይሉ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«አዲስ የቡና ማራቢያ ክፍል ሊከፈት ነው። ኃላፊው ወይ አንተ ነህ ወይ እሱ። ሄደህ ሥራውን አይተህ ና። ክረምት ሳይገባ እዚህ ሥር አስይዘህ ካሳየኸኝ ክፍሉ ያንተ ነው» አሉኝ።

እሺ አልኩ። አንጀቴ ግን አረረ። አማርኛ ድርሰቱን እያረምኩ ካሳለፍኩት ልጅ ልማር ልሄድ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ጫማዬን በዋዜማው እንደ መስታወት አስመስዬ ቀብቼዋለሁ፤ ገመቹ ሲያየኝ ማንነቴን እንዲያስታውስ ነው። እስከ አምቦ መንገዱ ደኅና ነው። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን። ጌዶ ላይ ጎማ ፈነዳ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና በብርድ የሚያሸንፈኝ የለም ብዬ እመካ ነበር፤ የጌዶ ንፋስ ግን አንገቴን አስቀበረኝ። አጠገቤ የተቀመጡ የሲሬ ነጋዴ ይህን አይተው ጋቢያቸውን ለሁለታችን ዘረጉት። እምቢ ብልም «ያ ኢልማኮ፣ ጋቢ ለሁለት አያንስም» አሉኝ። ያ ኢልማኮ ልጄ ሆይ ማለት ነው። በእኛ አገር ከማያውቁት ሰው ጋር ጋቢ አይካፈሉም።

ሙቀት ስንይዝ ሥራዬን ጠየቁኝ። የችግኝ ሠራተኛ ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ።

«እንዲያውም ነቀምቴ አንድ ጎበዝ አለ። ደረቅ እንጨት ቆርጦ በባሕር መድኃኒት ያበቅላል ይላሉ። ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አልኩ። ጋቢያቸውን ለብሼ ዋሸኋቸው።

ያን ዕለት ባኮ አደርን። ከጌዶ ብርድ ወደ ባኮ ሙቀት መውረድ ከጓሮ ተነሥቶ ምድጃ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ከጎጃም የመጡ እመቤት ናቸው። ትንኙ እንደበላኝ አይተው አልጋዬን በረንዳ ላይ አወጡልኝ፤ የራሳቸውንም አጎበር ሰጡኝ። እሳቸው ያለ አጎበር አደሩ። ጠዋት ፊታቸው ላይ ያበጠውን እያየሁ አመሰገንኳቸው።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ነቀምቴ ገባን። ነቀምቴ በኮረብታ ላይ የተዘረጋች፣ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ የበዛባት ከተማ ናት። ገበያው ውስጥ አንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ቀላቅሎ ይስቃል። ገመቹ ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ኖሯል። ከስቷል። ካኪ ኮቱ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ሻንጣዬን ነጥቆ ትከሻው ላይ አወጣው።

«ታዴ! አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ? ጫማህስ እንደ ድሮው ነው ወይ?» አለና ሳቀ። ታደሰ የሚለውን ስሜን እሱ ብቻ ነው ታዴ የሚለው።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ምሳ ራሱ ሠርቶ ሽሮ አቀረበ። እነሱ ቤት ጾም የለም፤ ወንጌላውያን ናቸው። እኔ ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ግን ከተማሪ ቤት ጀምሮ አልረሳም። ይህን ማስታወሱ አናደደኝ። ሰው በሥራውም በጠባዩም ሲበልጥ ለሌላው ምን ይቀራል?

ሐሙስ ባኬ ጃማ ወደሚገኘው የችግኝ መደቡ ወሰደኝ። ጉድለት ፍለጋ ዐይኔን ስዬ ነበር የሄድኩት። በሣር ክዳን የተጠለለ የወንዝ አሸዋ መደብ ነው፤ አጥሩ ቀርከሃ ነው። የእኛ ጣቢያ መስታወት ቤትና የውኃ ቧንቧ አለው። እዚህ ውኃ የሚመጣው በእንስራ ነው። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ገመቹ ተንበረከከና አንዷን ቁራጭ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ነቀላት። ሥሯ ነጭና ረጅም፣ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ ነው። ሁለተኛ ነቀለ፤ እንደዚያው። ሦስተኛዋን እኔ ራሴ መረጥኩ፤ ከጥግ፣ የጠወለገች የምትመስለውን። እሷም ጢም አወጣች።

ቀናሁ። ሌላ ቃል የለውም። እርር ድብን አልኩ።

«ከጎን ቅርንጫፍ አትቁረጥ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚያድገው ብቻ። ከዚያ እግሩን ጭማቂው ውስጥ ታሳድረዋለህ። ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ የሻይ ብርጭቆ። ካበዛኸው ይገድላል» አለኝ።

ከመደቡ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ መደርደሪያዋ ላይ የማርማላታ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በየጠርሙሱ ውስጥ የረጋ ሙጫ የመሰለ ነገር አለ፤ እሱም ከባሕር አረም የሚወጣ ነው። አንድ የውጭ አገር መምህር የሙጫውን ዱቄት ሰጥቶት ኖሯል። ገመቹ በስኳርና በጥቂት የአረም ጭማቂ አፍልቶ ያረጋዋል፤ ጠርሙሱን በእንፋሎት ይቀቅላል፤ ከዚያ ከድንች ቡቃያ ጫፍ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቁራጭ በመርፌ አንሥቶ ይተክልበታል። አብዛኞቹ ሻግተዋል። አረንጓዴ ሻጋታ፣ ጥቁር ሻጋታ፣ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ። በኑሮዬ ሻጋታ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

«ዓመት ሙሉ ሞከርኩ፤ ይኸው ነው» አለ ገመቹ፤ አላፈረም። ቀጥሎ ከመጨረሻው ጥግ አንዷን ጠርሙስ በሁለት እጁ አወጣ። ውስጧ ሁለት ቅጠልና ክር የመሰለች ሥር ያላት ድንች ቆማለች። ቁመቷ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። ገመቹ እስትንፋሱን ይዞ ነው የሚያያት። እኔ በሁለት ዓመት ሥራዬ ምንም ነገር እንደዚያ አይቼ አላውቅም፤ የቀናሁትም ከድንቿ ይልቅ በዚያ አስተያየቱ ነው።

ዓርብ ወደ ዲጋ፣ ወደ እናቱ ቤት ሄድን። ጆንያው ያለው እዚያ ነው። ለአንድ ሰው የምትበቃ በቅሎ ነበረችን፤ እኔን አስቀምጦ እሱ በእግሩ ሄደ። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ በሁለቱም ወገን ዋርካና ማንጎ አለ። በእኛ ደጋ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ እዚህ ጥላው ስም እየተሰጠው የሰው መሰብሰቢያ ነው። ገመቹን በየመንገዱ ሰው ያስቆመዋል። የከብቱን፣ የእናቱን፣ የችግኙን ደኅንነት ይጠይቁታል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ በቅሎዋ ላይ እንደ ጭነት ተቀምጫለሁ።

እናቱ አዴ ጫልቱ አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አዴ በዚያ አገር ለትልቅ ሴት የክብር መጥሪያ ነው። «ባጋ ናጋን ዹፍታን» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እንኳን በደኅና መጣህ ማለታቸው ነው። ጾመኛ መሆኔን ልጃቸው ነግሯቸዋል። አንጮቴ የሚባለውን የአገሩን ሥራ ሥር ቀቅለው ያለ ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በዘይት አቀረቡልኝ። አንጮቴ ያለ ቅቤ እንደማይበላ ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ዕለት እሳቸውም ልጃቸውም እኔን ላለማሳፈር ያለ ቅቤ በሉ።

ቅዳሜ ጆንያውን አየሁት። ከግቢው ጀርባ፣ በከብቶቹ በረት በኩል ታልፎ የሚደረስበት፣ በእንጨት እግር ላይ የቆመ ጎተራ አለ። ጆንያው እዚያ ተሰቅሏል። ገመቹ በእጁ ዘግኖ አሳየኝ፤ ጥቁር ቡናማ፣ ደረቅ፣ ባሕር ባሕር የሚሸት ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም።

«ማሎ ታዴ፣ አደራ፤ ላሞቹ እንዳይሸታቸው። የሆራቸው ቀን ሰኞ ነው፤ አሁን ጨው ጨው ይላቸዋል» አለኝ። ሆራ ጨዋማ የምንጭ ውኃ ነው። የአገሩ ሰው ከብቱን በየጊዜው እየነዳ ያጠጣዋል፤ ቀኑ ሲቃረብ ከብቱ ይቁነጠነጣል። «የዓመቱ ይኸው ነው። ሰኞ ከሆራ መልስ ወንዝ ወርደን ዋናውን ነገር አሳይሃለሁ፤ ለአንተም ከፍዬ እሰጥሃለሁ።»

ከፍዬ እሰጥሃለሁ አለ። እንግዲህ አቶ ኃይሉ ፊት ቆሜ «ገመቹ ሰጠኝ፣ ገመቹ አሳየኝ» ልል ነው። ማታ ጩምቦ ተሠራልኝ። ወፍራም ትኩስ ቂጣ ተቆራርሶ በቅቤና በዐይብ ሲርስ፣ የእኛ ቤት ጨጨብሳ አጠገቡ ምስኪን ነው። እየበላሁ የማስበው ግን ጆንያውን ነበር።

እሑድ ቤተሰቡ ሊጸልይ ሄደ። እኔ ራሴን አሞኛል አልኩ። መዝሙሩ ከሩቅ ሲሰማ ተነሣሁ። የበረቱን ሁለት አግዳሚ እንጨት አወለቅሁ፤ በላሞቹ መካከል አልፌ ጎተራው ላይ ወጣሁ፤ ጆንያውን አወረድኩ። ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ በመሐረቤ ቋጠርኩ። ይህን በራሴ እጅ ቀቅዬ፣ በራሴ ስም አቀርባለሁ አልኩ። የሚሰጡትን መስረቅ ምን ይባላል? ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል።

ድንገት መዝሙሩ ቆመ። ሰው የመጣ መሰለኝና ሮጥኩ። ጆንያው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ቀረ፤ አግዳሚዎቹም ወልቀው ቀሩ። ገብቼ ተኛሁ፤ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ያ ዝምታ ጸሎት ነበር፤ እነሱ የመጡት ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው።

የሰማሁት የገመቹን ጩኸት ነው። ስወጣ ላሞቹ ጎተራው ሥር ተሰብስበዋል። ጆንያው ተቦጫጭቋል። ቡሬ የምትባለው ዥጉርጉር እርጉዝ ላም የመጨረሻዋን ክር ከንፈሯ ላይ አንጠልጥላ ታኝካለች። ገመቹ መሬት ላይ ተቀመጠ። የዓመት ሥራው፣ የጠርሙሶቹ ተስፋ፣ ያ ሁሉ በላሞች ሆድ ውስጥ ነው። እውነቱን እጽፋለሁ ብያለሁና ልጻፈው፤ ከፍርሃቴ ሥር አንዲት ትንሽ ደስታ ነበረች። አሁን እኩል ነን አለች።

«ጠዋት በረቱን የዘጋው ማነው?» አለ ገመቹ።

«አና» አሉ አዴ ጫልቱ፤ እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። «ጠዋት ስቸኩል ነው፤ አርጅቻለሁ።»

ጠዋት በረቱን ሲዘጉ አይቻቸዋለሁ። ሳይሳሳቱ በራሳቸው አሳበቡ ብዬ ገረመኝ፤ የእርጅና ነገር ይሆናል አልኩ። አፌን አልከፈትኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አመሻሽ ላይ ጫማዬን ከደጃፍ አንሥተው፣ በውኃ አጥበው፣ በጨርቅ ወልውለው መለሱልኝ። እንግዳ ማክበር ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ሰኞ ወደ ሆራው ወረድን። የመንደሩ ከብት ሁሉ እየተጋፋ ይጠጣል። ቡሬ ግን ምንጩ ዳር ደርሳ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። የመንደሩ ሰዎች «ሆራ እምቢ ያለች ላም አይተን አናውቅም» እያሉ ሳቁ። ገመቹም ሳቀ፤ ዐይኑ ግን ቀልቷል። ወንዝ ወርደን ሊያሳየኝ የነበረው «ዋናው ነገር» ምን እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ጆንያ የሚለውን ቃል ማንሣት ግን አልደፈርኩም።

ማክሰኞ ስሰናበት አዴ ጫልቱ በነጭ የጸሎት ሻሻቸው የተጠቀለለ ጠርሙስ በገመቹ እጅ አስሰጡኝ። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጭማቂ ነው፤ የቀረችው ያቺ ብቻ ናት።

«ለአንተስ?» አልኩት።

«ወንድሜ ሌላ ይልካል። አንተ ሩቅ መጥተህ ባዶ እጅህን አትመለስ» አለኝ።

የመልስ መንገዱን አላስታውሰውም። ባኮ ላይ እመቤቲቱ «ታመሃል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ሰበታ እንደገባሁ ሥራ ጀመርኩ። ጠርሙሷ ለሁሉም ቁራጮች አትበቃም፤ ስለዚህ የሰረቅሁትን አረም እንዳለ ቀቅዬ ጨመርኩባት። ብዛቱን ሳይ ኩራት ተሰማኝ። መደቡ ሙሉ ቁራጭ ነከርኩ፣ ተከልኩ። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ነደዱ። በሁለተኛው ሳምንት አንድም አረንጓዴ አልቀረም። አንዱን ነቅዬ ብልሰው ጨው ነው።

አቶ ኃይሉ መደቡን ዞሩት። «እንግዲያው የገመቹ ነገር ወሬ ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

አንዲት «አዎ» ብቻ ትበቃ ነበር። ክፍሉ የማንም አይሆንም፤ ግን የሱም አይሆንም። ጠርሙሷ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ሻሹ አሁንም አንገቷ ላይ ታስሯል። «የሱ ወሬ አይደለም። የእኔ ሌብነት ነው» አልኩና ከመሐረቡ ጀምሬ እስከ ቡሬ ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለገመቹም ያንኑ ጻፍኩ።

አሁን የክፍሉ ኃላፊ ገመቹ ነው፤ እኔ በሥሩ እሠራለሁ። በመጣ በሦስተኛው ቀን አዲስ ጆንያ ይዘን ሰበታ ወንዝ ወረድን። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ወራጁ ውኃ ውስጥ ዘፈቅነው። ዲጋ ላይ ሊያሳየኝ የነበረው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ውኃው ጨው ጨው ማለቱን እስኪተው ድረስ ማጠብ።

«እናቴ ሰላም ብላሃለች። ቡሬ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ጋርባ ብላ ሰይማታለች» አለኝ። ጋርባ በኦሮምኛ ባሕር ነው። «በረቱን የከፈተው እንግዳችን ስለሆነ ጥጃዋ የሱ ናት ብላለች።»

«ደብዳቤዬን አነበብክላት?»

«ደብዳቤህ ሳይመጣ ነው ያለችው። ያን እሑድ ጫማህ ላይ እበት ነበር። ራሱን ያመመው ሰው በረት ውስጥ ምን ይሠራል አለች። እንግዳ በቤታችን አያፍርም ብላ አጠበችልህ።»

«ለአንተ መቼ ነገረችህ?»

«ያኑ ዕለት» አለ፤ ጆንያውን እያገላበጠ። «ልታይ ገብተህ መዝጋት የረሳህ መስሎን ነበር። መውሰድህን ግን አላወቅንም። ብናውቅማ፣ አጥበህ ተጠቀም እንልህ ነበር።»

ማክሰኞ ዕለት ያቺን ጠርሙስ ሲሰጠኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የጆንያውን ጫፍ ይዤ ቀና ብዬ አየሁት። እጅጌውን ጠቅልሎ ውኃውን በመዳፉ ይቀምሳል፤ ጨው መኖሩን ያጣራል። በቁራጮቹ ሥር ቀንቼ ነበር፣ በድንቿ ቀንቼ ነበር፣ በሹመቱ ቀንቼ ነበር። በዚህ ልቡ የቀናሁትን ያህል ግን በምንም አልቀናሁም።